ድንች ልታለሙ ለተነሳችሁ፦ ከዘሩ ጀምሩ

ልጆቼ፣

ሱሉልታ፣ ሆለታና መናገሻ ዙሪያ ተደራጅታችሁ ድንች ልታለሙ ስትነሱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ማዳበሪያ ነው። እኔ ከዘሩ ጀምሩ እላለሁ። በልግ በቀረበት ዓመት፣ ገብሱ ሳይደርስ ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ጓዳ የሚገባው ድንች ነው፤ ያውም ዘሩ በእጃችሁ ካለ። ጥቅምት ላይ ሁሉንም ሸጦ ግንቦት ላይ ከገበያ ዘር የሚገዛ ሰው በሽታም አብሮ ይገዛል።

ዘር የሚመረጠው ከማሳ ነው፤ ክምር ላይ ሁሉም ይመሳሰላል። ሲያብብ በመደዳው እየሄዳችሁ ቅጠሉ ያልተሸበሸበውንና ያልተዥጎረጎረውን እግር በእንጨት ምልክት አድርጉበትና የሱን ለብቻ ቆፍሩ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ የጠወለገ እግር ካያችሁ ግንዱን ከሥሩ ቁረጡና የተቆረጠውን ጫፍ ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሳትነቀንቁ አንጠልጥሉት። በደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ነጭ ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ አጠውልግ ነው። መድኃኒት የለውም። ከዚያ ማሳ ዘር አትውሰዱ፤ ቢያንስ ለ3 ዓመት ድንችም ቲማቲምም በርበሬም አታስገቡበት። ገብስ ዝሩበት፣ ራሱ የበቀለውንም ድንች ንቀሉ። ዳገት ላይ ጎርፍ በሽታውን ወደ ታችኛው ጎረቤት ስለሚያወርድ ቦዩን በጊዜ አስተካክሉ።

ከቁፋሮው 2 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግንዱን እጨዱ፣ ቆዳው ይጠነክራል። ከዚያ ወደ መጋዘን ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ በጆንያ የተከመረ ዘር ረጅም ነጭ ጎንቁል ያወጣል፤ ሲተከል ይሰበራል፣ ጉልበቱም አብሮ ያልቃል። ለዘሩ ማስቀመጫ የባህር ዛፍ አጠና አቁማችሁ፣ ጎኑን በሸምበቆ ወይም በወንፊት ሽቦ ከልላችሁ፣ ሳር አልብሱት፤ ብርሃንና ነፋስ ይግባ፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ አይምታው። በእንጨት መደርደሪያው ላይ ከ2 እስከ 3 ድርብ ብቻ አስጡ። በዚህ አያያዝ ጎንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ይሆናል። የሚበላውን ግን እዚያ አታስገቡ፦ ብርሃን ያረንጓደው ድንች ይመራል፣ ያሳምማል፣ ቢቀቀልም መርዙ አይለቅም።

እንቁላል የሚያህለውን ዘር በመደዳ 75፣ በእግር 30 ሳንቲ ሜትር አራርቃችሁ ስትተክሉ ለሩብ ሄክታር 5 ኩንታል ገደማ ይበቃል።

ሐምሌና ነሐሴ የሌት ብላይት፣ ማለትም የድንቹን ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ፣ ወራት ናቸው። ጠዋት ቅጠሉን ገልብጡ፤ በጠቆረው ነጥብ ዳር ነጭ ሻጋታ ካለ ገብቷል። ማንኮዜብ የሚባለው የሚረጭ መድኃኒት አስቀድሞ ይከላከላል እንጂ የገባውን አያወጣም፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ጉደኔና በለጠ የሚባሉት የድንች ዝርያዎች በሽታውን የተሻለ ይቋቋማሉ፤ ይህ ማለት ግን ማሳውን አትዩት ማለት አይደለም።

ድንች ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፣ ቫይታሚን ኤም የለውም። ከማሳው ዳር ጎመንና ካሮት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ባቄላ ይኑራችሁ። 6 ወር ለሞላው ሕፃን ድንቹን በደንብ ቀቅላችሁ አድቅቁት፤ የተቀቀለ እንቁላል ወይም የበሰለ ጎመን አልማችሁ ጨምሩበት።