ቶሎ ቶሎ ብለካውም መፍረሱን አላቆመም

አንድ የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «የኳንተም ዜኖ ክስተትን (ቶሎ ቶሎ ሲለኩት የኳንተም ለውጥ የሚዘገይበትን) በፓይተን ኮድ እየሠራሁ ነው። የሚፈርሰውን አቶም 1 ጊዜም ለካሁት፣ 1000 ጊዜም ለካሁት፣ ግራፉ ያው ነው። ኮዴ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?»

ወንድሜ፣ ኮድህ አልተበላሸም። ያዘዝከውን ነው የሠራው። በየእርምጃው «የመፍረስ ዕድሉ ጋማ (የመፍረስ ፍጥነቱ) ሲባዛ በእርምጃው ጊዜ» ብለህ ዕጣ ታስወጣዋለህ። ይሄ ትናንትን የማያስታውስ አፈራረስ ነው፤ ኤክስፖኔንሻል የምንለው። እሱን ለካኸው አልለካኸው ግድ የለውም።

ዜኖ ያለው ጅማሬው ላይ ነው። የኳንተም ሲስተም ሲነሳ ዝግ ይላል፤ የመለወጥ ዕድሉ የሚያድገው በጊዜው ስኩዌር ነው። ጊዜውን ለ10 ብትቆራርጠው የእያንዳንዱ ቁራጭ ዕድል 100 እጥፍ ያንሳል፤ የ10ሩ ድምርም 10 እጥፍ ያንሳል ማለት ነው። አጥር ሊዘል የሚንደረደር ልጅ አስብ። በየሁለት እርምጃው እያስቆምክ «እንደገና ተነሳ» ካልከው በምን ጉልበቱ ይዘላል?

ስለዚህ ዕጣውን ተወውና በዴንሲቲ ማትሪክስ ሥራ፤ በዲያጎናሉ (በሰያፍ መስመሩ) ላይ በየደረጃው የመገኘት ዕድሎች፣ ከእሱ ውጭ ደግሞ የደረጃዎቹ የኳንተም ትስስር የሚጻፍበት ሰንጠረዥ ነው። በለካህ ቁጥር ከዲያጎናሉ ውጭ ያሉትን ዜሮ አድርጋቸው፣ ዲያጎናሉን ግን አትንካ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሁሉንም ወደ መነሻው ይመልስና «ዜኖ አገኘሁ» ብሎ ይደሰታል። እኔም አንድ ሰሞን ተደስቻለሁ።

መፈተሻ ካስፈለገህ የ1990ውን የፊዚክስ ተመራማሪዎቹን የኢታኖና የዋይንላንድ ቡድን ሙከራ ውሰድ። ቦልደር፣ ኮሎራዶ ውስጥ 5000 ገደማ የቤሪሊየም አዮኖችን አጥምደው ለ256 ሚሊ ሰከንድ የሬዲዮ ሞገድ ለቀቁባቸው። ሞገዱ ብቻውን ቢተው ሁሉንም ወደ ላይኛው ደረጃ ያወጣቸዋል። እነሱ ግን መሃል መሃል ላይ በሌዘር ብልጭታ ይለኩ ነበር። በስሌቱ 2 ጊዜ ሲለካ ወደ ላይኛው ደረጃ የሚወጣው ድርሻ 0.5 ነው፤ 4 ጊዜ ሲሆን 0.375፤ 64 ጊዜ ሲሆን 0.037 ብቻ። ያንተም ኮድ እነዚህን ማምጣት አለበት። በ1 ልኬት 1 መምጣት ሲገባው 0 ከመጣብህ፣ ሞገዱ ሲስተሙን የሚያዞርበትን ማዕዘን ለ2 ማካፈል ረስተሃል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። የቦልደሩ ሙከራ በሞገድ የሚገፋ ሽግግር እንጂ በራሱ የሚፈርስ ነገር አይደለም። ርዕስህ መፍረስ ከሆነ በ2001 የወጣውን የፊዚክስ ተመራማሪውን የሬይዘንን ቡድን ሥራ ጨምርበት፤ ቴክሳስ ውስጥ፣ ከብርሃን ወጥመድ እየሾለኩ በሚያመልጡ የሶዲየም አቶሞች የተሠራ ነው። በየ1 ማይክሮ ሰከንዱ ሲያቋርጡት ማምለጡ ዘገየ። በየ5ቱ ሲያደርጉት ግን ጭራሽ ካልተነካው ይልቅ ፈጠነ። ያንተም ግራፍ እንዲህ ካደረገ ኮዱን ለማረም አትቸኩል።