ኒውክለስ “ይሽከረከራል” ወይስ ስፒን “አለው”?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ስለ ኤንኤምአር (የአቶም እምብርት ወይም ኒውክለስ ማግኔት ውስጥ የሚሰጠውን ምልክት እያዳመጡ ንጥረ ነገርን የመመርመሪያ ዘዴ) ለጀማሪዎች በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። “የሃይድሮጂን ኒውክለስ በግማሽ ሽክርክሪት ይሽከረከራል” አልኩ። ጓደኛዬ “ግማሽ ስፒን አለው” በይ አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ጓደኛሽ በግሱ ልክ ነው፤ “ግማሽ” ላይ ግን ሁለታችሁም ታርማላችሁ።

መጀመሪያ ግሱን እንይ። “ይሽከረከራል” ስትዪ አንባቢሽ የምትሾር ትንሽ ኳስ ነው የሚታየው፣ ስትፈልግ የምትፈጥን ስትፈልግ የምትቆም። ስፒን እንዲህ አይደለም። ፕሮቶን፣ ማለትም ያንቺው የሃይድሮጂን ኒውክለስ፣ ውሃ ውስጥ ይሁን ዘይት ውስጥ ስፒኑ ያው ነው፤ ቻርጅ እንዳለው ሁሉ ስፒንም አለው፣ በቃ። እ.ኤ.አ. በ1925 ሐሳቡን ያመጡት የፊዚክስ ሊቃውንት ኡለንቤክና ጋውድስሚት ራሳቸው ኤሌክትሮን የምር የሚሽከረከር አድርገው ነበር ያሰቡት፤ ሲሰላ ግን ገጹ ከብርሃን በላይ መፍጠን ነበረበት። ሒሳቡም ከኳስ ጋር አይሄድም። ኳስ 360 ዲግሪ ብታዞሪው እንደነበረው ይመለሳል። ስፒኑ 1/2 የሆነ ነገር ግን 360 ዲግሪ ሲዞር ሒሳባዊ መግለጫው ምልክቱን ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ ይቀይራል፣ እንደነበረው የሚሆነው 720 ዲግሪ ሲሞላ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1975 በኒውትሮኖች ላይ በሙከራ ታይቷል። ይህን ሁሉ “ሽክርክሪት” አይሸከመውም። “ስፒን” በይው።

ወደ “ግማሽ” ልምጣ። በአማርኛችን ከስም በፊት የገባ “ግማሽ” የዚያን ነገር እኩሌታ ነው የሚያመለክተው፤ ግማሽ ቀን፣ ግማሽ ኪሎ። “ግማሽ ስፒን” ያነበበ ሰው ሙሉው የት ሄደ ማለቱ አይቀርም። 1/2 እዚህ የስፒን ቁጥር ነውና “የስፒን ቁጥሩ አንድ ሁለተኛ ነው” በይ። ሶዲየም-23 ላይ ስትደርሺም “አንድ ተኩል” ሳይሆን “ሦስት ሁለተኛ” ብትዪ ሒሳቡ ይቀልልሻል፦ ቁጥሩን በ2 አባዝተሽ 1 ስትጨምሪ ኒውክለሱ ማግኔት ውስጥ የሚኖሩትን የኃይል ደረጃዎች ብዛት ታገኛለሽ። ለሶዲየም 4፣ ለሃይድሮጂን 2። ካርቦን-12 ዜሮ ስለሆነ “ስፒን የለውም” ማለት ይበቃል፤ ለዚህም ነው የካርቦን ኤንኤምአር ከተፈጥሮ ካርቦን ከመቶ 1.1 ያህል ብቻ በሚሆነው በካርቦን-13 የሚሠራው።

“ይዞራል” የሚለውን ግን አትጣይው፣ ቦታ አለው። ማግኔት ውስጥ የገባ ስፒን፣ እንዝርት ሊወድቅ ሲል አናቱ እንደሚዞር፣ በማግኔቱ አቅጣጫ ዙሪያ ይዞራል። ፕሮቶን በ1 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) በሰከንድ 42.58 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል፤ 1.5 ቴስላ በሆነው የሆስፒታል ኤምአርአይ ውስጥ ደግሞ ወደ 64 ሚሊዮን ጊዜ። መሣሪያው የሚያዳምጠው ይህን ዙረት ነው። ግሱን ለስፒን ከጨረስሽው ለዚህ ምን ይተርፍሻል?

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምጽፈው፦ “የሃይድሮጂን ኒውክለስ ስፒን አለው፤ የስፒን ቁጥሩም 1/2 ነው። ማግኔት ውስጥ ሲገባ ሁለት የኃይል ደረጃዎች ይኖሩታል፤ ስፒኑም በማግኔቱ አቅጣጫ ዙሪያ ይዞራል።”