አሎሎ ውርወራ፦ እኩል ርቀት ሲመጣ ማን ይቀድማል?

ሁለተኛው ምርጥ ውርወራ ይለያቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የዶሃ የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካዊው ክራውዘርና የኒውዚላንዱ ዋልሽ እኩል 22.90 ሜትር ወርውረው ክራውዘር ብሩን፣ ዋልሽ ነሐሱን ለምን እንደወሰዱ ጠይቀሃል፤ የክራውዘር ሁለተኛ ምርጥ ውርወራ ስለበለጠ ነው። ወርቁን ሌላው አሜሪካዊ ኮቫክስ በመጨረሻ ሙከራው በ22.91 ወሰደው። በአንዲት ሳንቲሜትር! ሁለተኛውም እኩል ከሆነ ሦስተኛው ይታያል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ባሕር ዳር ላይ ለምታዘጋጀው የሰፈር ውድድር ግን አደራ፣ እያንዳንዱን ሙከራ መዝግብ። እኔ ጣና ዳር ባዘጋጀሁት ውድድር ምርጡን ብቻ እየጻፍኩ ሌላውን እሰርዝ ነበር። ሁለት ልጆች እኩል ሲመጡ ደብተሬን ባገላብጥ ስርዝ ብቻ፤ አሎሎው መሬቱ ላይ የተወው ጉድጓድም አስቀድሞ ተደልድሏል። እስኪመሽ ተጨቃጨቅን።