መጨረሻውን የምናውቀውን መጽሐፍ ከየት እንጀምር?

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

በደሴ ከተማ ሆጤ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን መጽሐፍ የምናነብ ሰዎች ነን። ዘንድሮ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» መረጥንና ገና ሳንጀምረው ተከፋፈልን። ወጣቶቹ የፍቅረኞቹ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍጻሜ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ በማንኩሳ የሚተረከውን የበዛብህን ወላጆች ታሪክ ዘልለን በዛብህ ሰብለን ለማስተማር አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ከሚገባበት እንጀምር ይላሉ። ጡረታ የወጡት መምህራችን ግን ጀርባው በመርፌና በክር የተሰፋውን የራሳቸውን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «ከመጀመሪያው ገጽ ካልሆነ እኔ የለሁበትም» አሉ። እኔ አስተባባሪ ነኝ፤ እሳቸውን ማስቀየምም ሆነ ወጣቶቹን ማጣት አልፈልግም። ምን ባደርግ ይሻላል?

አንባቢዎ፣ ከደሴ

ውድ እህታችን፣

መምህሩ ልክ ናቸው፤ ወጣቶቹ ግን በይሉኝታ ሳይሆን ምክንያቱን አይተው ሊቀበሏቸው ይገባል።

የዚህ መጽሐፍ ሐዘን የሚጀምረው ከፍቅሩ ሳይሆን ከስለቱ ነው። የበዛብህ ወላጆች ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን ሞት እንዳይነጥቃቸው ሲሰጉ፣ ቢያድግላቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኖ ያለ ትዳር እንዲኖር ይሳላሉ። ያደረጉት ከልጅ ፍቅር የተነሣ ነው፤ ሆኖም ሕይወቱን ያተርፋል ብለው የገቡት ቃል፣ ካደገ በኋላ ሰብለን በወደደ ጊዜ ኅሊናውን ያስጨንቀዋል። ይህን የዘለለ አንባቢ ጥፋቱን ሁሉ በፊታውራሪው የዘር ኩራት ላይ ጥሎ ያልፋል፤ በዛብህ ከራሱ ጋር የገጠመውን ትግል ግን አያገኘውም። በእኔ እምነት የመጽሐፉ ትልቁ ጉልበት ያለው እዚያ ላይ ነው።

ለእኛ ለወሎዎች ደግሞ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ወደ ግሸን ማርያምም ሆነ ወደ ጃማ ንጉሥ ስለቱን ይዞ የሚሄድ ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ወላጅ በልጁ ስም የተሳለው ስለት ልጁን ያስረዋል ወይ ብለው ቢጠይቋቸው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚናገረው አያጣም። ፍጻሜውን ማወቃቸውም አይጎዳቸውም፤ እንዲያውም ማን፣ መቼ፣ በምን ሊያስቀረው ይችል እንደነበር እየጠየቁ ለማንበብ ይረዳቸዋል።

አንድ ተጨማሪ ሐሳብ አለኝ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ቢታተምም፣ ብዙ ሰው የወደደው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው በጆሮው ሰምቶ ነው። እናንተም የማንኩሳውን ክፍል ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ መጀመሪያ መምህሩ፣ ከዚያ ወጣቶቹ በየተራ። በድምፅ ሲነበብ ረጅም የመሰላቸው ክፍል እንደማይሰለቻቸው አምናለሁ። ከሚቀጥለው ቅዳሜ በፊት መምህሩን ቤታቸው ድረስ ሄደው፣ በዚያው በተሰፋው መጽሐፋቸው እንዲያነቡላችሁ ይጠይቋቸው።