ተማሪነትሽ ከደመወዝሽ አይቀነስም

ደብዳቤሽ ሦስት ጥያቄ ይዟል፤ ጊዜ የማይሰጠው የደመወዙ ነው። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ከእናትሽ ጋር ትኖሪያለሽ፤ አካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር ትማሪያለሽ። አጎትሽ ኮምቦልቻ ካለ ጅምላ አከፋፋይ ጋር አገናኝተውሽ በሒሳብ ሠራተኝነት ልትቀጠሪ ነው። ከአንቺ በፊት የነበረችው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እየሠራች 9,600 ብር ታገኝ ነበር። ለአንቺ ግን «ቅዳሜ አትገቢም፣ ደግሞም ተማሪ ነሽ» ተብሎ 6,000 ቀርቦልሻል። እናትሽም «አጎትሽን አታሳፍሪ፣ የሰጡሽን ተቀበይ» ብለውሻል።

ቅዳሜ ባለመግባትሽ መቀነሱ ትክክል ነው። በተማሪነትሽ መቀነሱ ግን ትክክል አይደለም። ደረሰኝ የምትመዘግቢበት፣ የባንክ ሒሳብ የምታስታርቂበት፣ የወሩን ቫት የምታዘጋጂበት ሰዓት የተመረቀ ሰው ከሚሠራበት ሰዓት አያጥርም። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ፣ ያለሽ ሚዛን ያው ወንበር ትናንት የተከፈለበት ዋጋ ነው። አንቺ ደግሞ እሱን ታውቂዋለሽ።

በቀን 8 ሰዓት፣ ስድስት ቀን፣ 48 ሰዓት ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ያስቀመጠው መደበኛ የሳምንት ሥራ ሰዓት ጣሪያም ይኸው ነው። የአንቺ አምስት ቀን 40 ሰዓት ይሆናል። 9,600ን ለ48 አካፍለሽ በ40 ስታባዢው 8,000 ይመጣል። ቅዳሜ የሚያስቀንሰው 1,600 ብቻ ነው ማለት ነው። ቀሪው 2,000 የተማሪነት ቅጣት ነው፤ በዓመት 24,000 ብር።

ከመነጋገርሽ በፊት 6,000 የተባለው ያልተጣራ ነው ወይስ እጅሽ የሚገባ፣ ለይተሽ ጠይቂ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የገቢ ግብር ስሌት፣ ከ8,000 ላይ ግብር 1,150፣ ጡረታ 7 በመቶ 560 ሲቀነስ 6,290 ይደርስሻል። ከ6,000 ላይ ግን ግብር 700፣ ጡረታ 420 ተቀንሶ የሚቀርሽ 4,880 ነው። ከዚህ ላይ የዲግሪሽን ክፍያና ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን መንገድ የደርሶ መልስ ታሪፍ በወር 22 ቀን አባዝተሽ ቀንሺ። «ጡረታው ይቅርና በእጅሽ እንስጥሽ» ካሉሽ እምቢ በይ። አሠሪው በስምሽ ማስገባት ያለበት 11 በመቶ፣ በ8,000 ላይ 880 ብር፣ አብሮ ይቀራል፤ የአገልግሎት ዘመንሽም አይቆጠርልሽም። የሠራተኛ ደመወዝ ስሌት (ፔሮል) ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና በዚህ ላይ አላወላውልም።

ንግግሩን በስልክ አታድርጊው፤ አጎትሽ ባሉበትም አይሁን። ውል ከመፈረምሽ በፊት ቢሮ ገብተሽ እንዲህ በይ፦ «ሥራውን እፈልገዋለሁ። ቅዳሜ ስለማልገባ የቅዳሜው ይቀነስ። ለስድስት ቀን 9,600 ከነበረ ለአምስት ቀን 8,000 ይሆናል።» ከዚያ ዝም በይና መልሱን ጠብቂ። ብዙዎች እዚህ ላይ ዝምታው ይከብዳቸውና ሳይጠየቁ «7,000ም ቢሆን…» ብለው ራሳቸው ይወርዳሉ። የትምህርት ክፍያሽንና የቤታችሁን ችግር አታንሺ፤ ችግር ካነሳሽ ወሬው ከሥራሽ ዋጋ ወደ ችሮታ ይዞራል። «ልምድ ታገኛለሽ» ካሉሽ፣ የቀድሞዋም ልምድ እያገኘች ነበር 9,600 የሚከፈላት።

አልችልም ካሉ፣ ለሙከራ ጊዜው 7,200 ተቀበይ፤ ሙከራው ሲያልቅ 8,000 እንደሚሆን ግን ውሉ ላይ ይጻፍ። የሙከራ ጊዜ በሕግ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በአምስት ቀን ሳምንት 12 ሳምንት ነው። «ከመንፈቅ በኋላ እናያለን» የሚባል የቃል ተስፋ አትቀበይ፤ መንፈቁ ሲደርስ የሚያስታውሰው ሰው አይገኝም።

ፈተናሽንም አሁኑኑ አስጽፊ። የትምህርት ፈቃድን ሕጉ ለኅብረት ስምምነትና ለሥራ ደንብ ትቶታል። 16ቱን የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ደግሞ የምታገኚው አንድ ዓመት ስታገለግዪ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመት ፈተናሽ ሥራ ቀን ላይ ከዋለ ከሥራ ቀርተሽ እንድትፈተኚ የሚያስችልሽ ውሉ ብቻ ነው፤ እነዚህ ይጻፉበት፦ ስንት ቀን፣ በክፍያ ወይስ ያለ ክፍያ፣ ከስንት ቀን በፊት ማሳወቅ እንዳለብሽ። ወር ሲዘጋ ወይም ቆጠራ ሲኖር ከ8 ሰዓት በላይ ብትቆዪ፣ እስከ ማታ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይታሰባል፤ በ8,000 ደመወዝ ለአንድ ሰዓት 69 ብር ገደማ ነው። የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት በራስሽ ደብተር መዝግቢ።

እናትሽን ላስቀይም እንደምችል አውቃለሁ፤ ግን ተሳስተዋል። አጎትሽ በሩን አስከፍተውልሻል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ደመወዙን የሚከፍሉት ግን እሳቸው አይደሉም፤ ያ 24,000 ብርም ለእሳቸው ክብር አይጨምርም፣ አሠሪው ኪስ ነው የሚቀረው። ከመሄድሽ በፊት ስሌቱን ለአጎትሽ አሳዪያቸው፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት።

ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ኮርስ ልግባ ወይ ላልሽው፣ አሁን አይደለም፤ መጀመሪያ ኤክሴልን አጥብቀሽ ያዢ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሌሊት ፈረቃ ይሻለኝ ይሆን ላልሽው፣ ሌሊቱን ቆመሽ አድረሽ ቅዳሜ ጠዋት ክፍል መግባት እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አያዛልቅሽም።

ውሉ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱን ተፈርሞ ማኅተም እንዳረፈበት ይዘሽ ውጪ። ያለ ጽሑፍ ካስጀመሩሽ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የቅጥርሽን ዝርዝር ፈርሞ በጽሑፍ ሊሰጥሽ ይገባልና 16ኛው ቀን ሳይደርስ ጠይቂ።