ግብር እየከፈልኩ የልጄን የግል ትምህርት ቤት መንግሥት አይደጉምልኝም?

ጥያቄ፦ ቡሬ ከተማ ነጋዴ ነኝ። ሴት ልጄ የግል ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍል ትማራለች። የወንድሜ ልጅ ደግሞ እኔው ቤት ተቀምጦ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራል። ለልጄ በየወሩ እከፍላለሁ፣ ግብርም እከፍላለሁ። ሆላንድ የሚኖር ዘመዴ እዚያ መንግሥት የግሉንም የሃይማኖቱንም ትምህርት ቤት እኩል ይደጉማል አለኝ። እኔስ የልጄን ድርሻ መጠየቅ አልችልም? ቢያንስ ከግብሬ አይቀነስልኝም? ይባስ ብሎ የመንግሥቱ ትምህርት ቤት «መዋጮ ያልከፈለ ካርድ አያገኝም» ብሎናል። የመንግሥት ትምህርት ነፃ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ አይችሉም ነው። ለሁለተኛውም አይቀነስም ነው። በሦስተኛው ላይ ግን ሕጉ ከእርስዎ ጎን ነው።

ዘመድዎ የነገሩዎት እውነት ነው። ኔዘርላንድስ (ሆላንድ) እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1917 ጀምሮ የግልና የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን እኩል እንደምትደጉም በሕገ መንግሥቷ ደንግጋለች። ግን አንድ ነገር ሳይነግሩዎት ቀርተዋል። እዚያ ድጎማ የሚያገኝ የግል ትምህርት ቤት ለትርፍ አይሠራም። ከወላጅ መዋጮ ቢጠይቅም በፈቃደኝነት ብቻ ነው፤ ወላጅ አልከፈለም ብሎ ልጁን ማግለል አይችልም። እኛ ዘንድ ያሉት አብዛኞቹ የግል ትምህርት ቤቶች የንግድ ድርጅቶች ናቸው። መንግሥት የመምህራኖቻቸውን ደሞዝ ይክፈል ቢባል «ትርፉስ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይነሳል።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ሁለት ነገር ይላል። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው። መንግሥትም ለትምህርትና ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት። ልብ ይበሉ፤ መብቱ በአገልግሎቱ መጠቀም ነው። ልጅዎ የሄደችበት ሁሉ የሚከተላት ገንዘብ የለም። ነገ የመንግሥት ትምህርት ቤት ላስገባት ቢሉ ካርዷንና መሸኛዋን ይዘው መሄድ ይችላሉ። «የነጋዴ ልጅ ናት፣ ክፈሉ» የሚልዎት የለም።

ግብርን በተመለከተ ስሜትዎ ይገባኛል። ጎጃም ደግሞ ግብርን ዝም ብሎ የሚቀበል አገር አይደለም፤ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተነሳውን አመፅ አባቶቻችን ያውቁታል። በንጉሡ ዘመን እንዲያውም ከመሬት ላይ «የትምህርት ግብር» የሚባል ለብቻው ይሰበሰብ ነበር። ዛሬ ግን የሚከፍሉት ግብር የአንድ አገልግሎት ዋጋ አይደለም። ወደ አንድ ካዝና ገብቶ ለሁሉም ይውላል። የልጅ ትምህርት ክፍያም የግል ወጪ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የግል ወጪ ከንግድ ገቢ ላይ አይቀነስም። በሱቁ ወጪ ውስጥ ቀላቅለው እንዳይጽፉት፤ ኦዲት ሲመጣ ጣጣው ለእርስዎ ነው።

መንግሥት ለግሉ ምንም አያደርግም ማለቴ ግን አይደለም። የትምህርት አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ነፃ ነው። ስለዚህ በየወሩ ከሚከፍሉት ላይ ቫት የለም። ትምህርት ቤቱ ቫት ብሎ ከጨመረብዎ ይጠይቁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ለግል ባለሀብቶች ድጋፍ እንደሚደረግ ይናገር ነበር። ድጋፍ ማበረታታት ነው እንጂ በጀት መመደብ አይደለም።

አሁን ወደ ካርዱ እንምጣ። የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ያው የ1986ቱ ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ነፃ እንዲሆን አድርጎ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. የተተካው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ እስከ 12ኛ ክፍል ነፃ አድርጎታል። ገንዘቡ ከፌዴራል በድጎማ ወደ ክልል፣ ከክልል በቀመር ወደ ወረዳና ከተማ አስተዳደር ይወርዳል። አብዛኛውን የመምህራን ደሞዝ ይበላዋል። በኋላም በተማሪ ቁጥር የሚሰላ የትምህርት ቤት ድጎማ መጣ። ያም ሆኖ ለጠመኔ፣ ለወንበር፣ ለጥበቃ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ወላጅ ይሰበስባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ይባላል። ርዕሰ መምህሩን አልወቅሰውም። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ስድሳ ልጅ ይዞ ምን ያድርግ?

ነገር ግን የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ቃለ ጉባኤ ሕግ አይደለም። እጅዎን አውጥተው የደገፉት እንኳ ቢሆን ልገሳ ነው፤ ልገሳ ደግሞ በፈቃድ ነው። ካርድ የልጁ ውጤት ማስረጃ ነው፣ መያዣ አይደለም። ካርድ መከልከል መዋጮውን ክፍያ ያደርገዋል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ሕግ ሳይፈቅድለት ክፍያ አይጥልም።

በቃል አይከራከሩ፤ ይጻፉ። ለትምህርት ቤቱ ማመልከቻ አስገብተው ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግልባጭ ያድርጉ። መዝገብ ቤት ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን በእርስዎ ቅጂ ላይ ያስጽፉ። «በቃል ነግሬያቸው ነበር» የሚል ደንበኛ ብዙ አይቻለሁ፤ ማስረጃ የለውም። መልስ ካጡ ወደ ዞን ትምህርት መምሪያ፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ይሂዱ። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደል ይመረምራል፤ አገልግሎቱም ያለ ክፍያ ነው።

በዚያው ማመልከቻ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ ባለፈው ዓመት የተሰበሰበው መዋጮና የመጣው ድጎማ ስንት እንደሆነ፣ በምን ላይ እንደዋለ ይገለጽልኝ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይህን የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ሒሳቡን አይተው ካመኑበት መዋጮውን ይክፈሉ፤ ሕጋዊ ደረሰኝም ይቀበሉ። የልጁን ካርድ ለመቀበል ግን ያን ሁሉ መጠበቅ የለብዎትም። መዋጮውን ከፈሉም አልከፈሉም ካርዱ የልጁ ነው።