መልስ፦ ጀሚኒ 105ኤምሲ ወይስ ፒዲኪው 32?

ከባለቤትዎና ከልጆችዎ ጋር በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ በሚገኘው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ለመጓዝ ከሁለቱ ካታማራኖች (ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ቀፎዎች፣ ማለትም ተንሳፋፊ አካላት፣ ካሏቸው የሸራ ጀልባዎች) የትኛው እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ ያለማመንታት ጀሚኒን እመርጣለሁ። ወደ ጎን 4.3 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሰፋ ለተራ ጀልባ በተሠራ ማቆሚያ ብዙ ጊዜ ይገባል። ፒዲኪው ወደ 4.9 ሜትር ይጠጋል፤ ስለዚህ ቦታና ኪራይ አስቀድመው ያጣሩ። ቼሳፒክ ደግሞ ጥልቀት የለውም፤ ጀልባው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ውኃ ውስጥ የሚወርዱት የጀሚኒ ሰሌዳዎች ወደ ላይ ሲሰበሰቡ ግማሽ ሜትር ውኃ ይበቃዋል።

በሞተር በኩል ግን ፍርዱ ይከብዳል። ጀሚኒ መካከል ላይ አንድ የናፍጣ ሞተር አለው፤ ፕሮፔለሩን የያዘው እግር ከመሪው ጋር ይዞራል፣ በሸራ ሲጓዙም ከውኃ ይወጣል። እግሩ ውስብስብ ስለሆነ ሳይመረመር እንዳይገዙ አደራ እላለሁ! ፒዲኪው በአብዛኛው ሁለት 9.9 የፈረስ ጉልበት ያላቸው የቤንዚን ሞተሮች አሉት። ተራርቀው ስለተተከሉ አንዱን ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ አድርገው ጀልባውን በቆመበት ማዞር ይችላሉ፤ አንዱ ቢበላሽም ሌላው ወደብ ያደርሳል። የቤንዚን ትነት ግን ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይጠራቀማል፤ ልጆች ባሉበት ይህ ያስፈራኛል።

የትኛውንም ቢገዙ ዕቃ አያብዙ። ትንሽ ካታማራን ክብደት ሲበዛበት ሁለቱን ቀፎዎች የሚያገናኘው ወለል ወደ ውኃው ይቀርባል፤ ማዕበሉም ከሥር እየደበደበ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ይነሳል።